ማን ይግዛ? እስከ የት ይግዛ?

ከላሊበላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ገነተ ማርያም የምትባል ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን አለች። ተዳፋቱ ተቆፍሮ ዙሪያዋን ባለ አራት ማዕዘን አዕማድ ቆመውላታል። በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት ከአሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ስላልሆነች ጎብኚው እንደ ቤተ ጊዮርጊስ አይጋፋባትም። የፖለቲካን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ግን ልዩ ነገር አላት። በግድግዳዋ ላይ፣ ከቅዱሳን ሥዕሎች ጋር፣ አፄ ይኩኖ አምላክ ተሥሎባታል፤ በእግዚአብሔር ፈቃድ ነግሦ እንዳሠራት የሚገልጽ የግእዝ ጽሑፍም አብሮ አለ።

ይኩኖ አምላክ በ1270 እ.ኤ.አ. ዛግዌዎችን ጥሎ የነገሠ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።) ሥዕሉ ያለው ግን በተሸናፊዎቹ አገር በላስታ እምብርት፣ እነሱ ባደረጁት የፍልፍል ጥበብ በታነጸ ቤት ውስጥ ነው። የአዕማዷ ዙር የላሊበላውን ቤተ መድኃኔ ዓለም ያስታውሳል። አዲሱ ንጉሥ በጦር ካስገበረ በኋላ የቀረው ሥራ ማሳመን ነበር። ሕዝቡ በሚሰግድበት ቦታ፣ ሕዝቡ በሚያምነው ነገር፣ የገዥነቴ ምንጭ ይህ ነው ብሎ ማስረዳት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የመጣ የኢትዮጵያ መንግሥት ሁሉ ይህንኑ ሥራ ሠርቷል። የሚጻፍበት ቦታ ብቻ ተለዋወጠ፤ አንዴ ክብረ ነገሥት፣ አንዴ የአብዮት አደባባይ መፈክር፣ አንዴ ሕገ መንግሥት።

የአሜሪካ ፖለቲካ የቆመባቸው እሴቶች ምን ምን ናቸው ቢባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ ይዘረዝራቸዋል፤ ነፃነት፣ እኩልነት፣ የግል ንብረት፣ የሕግ የበላይነት፣ በተገዥው ፈቃድ ላይ የቆመ መንግሥት። የኢትዮጵያስ ቢባል? አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው ይጣላል። ይህ ዳሰሳ የሚሞክረው ያንን ጥያቄ ነው። የእኔን ፍርድ ከወዲሁ ላስቀምጥ። የኢትዮጵያ መንግሥታት ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሲመልሱት የኖሩት ጥያቄ «ማን ይግዛ?» የሚለውን ነው። «እስከ የት ይግዛ?» የሚለውን ሲጠይቅ የኖረው ሕዝቡ ነው፤ ጥያቄው ከገበሬው ሙግትና ከአቤት ባዩ ጩኸት አልፎ የመንግሥት ሰነድ ውስጥ ሲገባ ወይ ሳስቶ ነው ወይ ተውሶ።

አሜሪካኖቹ ከሁለተኛው ጥያቄ ነው የተነሡት። በ1776 እ.ኤ.አ. የነፃነት መግለጫቸው አብዛኛው ክፍል በእንግሊዙ ንጉሥ ላይ የቀረበ የክስ ዝርዝር ነው። ማን ይተካው ሳይሆን ምን ወሰን አለፈ የሚል ክስ። በ1787 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቱን ሲያረቁ ማዲሰንና ጓደኞቹ ሰው መልአክ አይደለም ከሚል ግምት ተነሥተው ሥልጣንን በሥልጣን የሚያግድ አሠራር ቀየሱ። በ1791 እ.ኤ.አ. የጸደቁት የመጀመሪያዎቹ አሥር ማሻሻያዎችም የተጻፉት በአመዛኙ መንግሥት ማድረግ የማይችለውን በመቁጠር ነው። ሉዊ ሃርትዝ በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህ የሆነው አሜሪካ ጌታና ጭሰኛ የነበረበት የፊውዳል ዘመን ስላላለፈባት ነው አለ። ስዊድናዊው ጉናር ሚርዳል ደግሞ ከዚያ በፊት በ1944 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች በሚያምኑትና በጥቁሮች ላይ በሚያደርጉት መካከል ያለውን ገደል አሳየ። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የሮጀርስ ስሚዝ ሐሳብ ነው። ማግለሉ ከእምነቱ መንሸራተት አይደለም፣ ራሱን የቻለ ሌላ ባህል ነው ይላል። ባርያ ሻጩም በነፃነት ስም ይምላል፤ መንግሥት ንብረቴን እንዳይነካ የሚለው ሰው ንብረት ያለው ሰውን ነበር። ስለዚህ ሥልጣንን መገደብ ብቻውን ጽድቅ አይደለም፤ የማን ንብረት፣ የማን ነፃነት የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ይህን ይዘን ወደ ላስታ እንመለስ።

የይኩኖ አምላክ ወገኖች ክርክር በጽሑፍ የተሟላው በክብረ ነገሥት ነው። በአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን የአክሱም ንቡረ እድ የነበረው ይስሐቅና ባልደረቦቹ ወደ ግእዝ የመለሱት ይህ መጽሐፍ ዙፋኑን ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ያያይዘዋል። በመጨረሻው ላይ ያለው የጸሐፊዎቹ ማስታወሻ መጽሐፉ ቀደም ብሎ በዛግዌዎች ዘመን ለምን እንዳልወጣ ሲያስረዳ፣ ከእስራኤል ዘር ሳይሆኑ የነገሡ ሕግ ተላላፊዎች ናቸው የሚል ቃል ስላለበት ነው ይላል። ፍርዱ ግልጽ ነው፤ የዛግዌው ላሊበላ በዘር ሚዛን ሲመዘን ንጉሥ አይደለም።

ያችው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ላሊበላን፣ ነአኩቶ ለአብን ቅዱስ ብላ ታቦት ቀርጻላቸዋለች። መጽሐፉ ሕገ ወጥ ያላቸውን ገዥዎች ሕዝቡ ይሳለማቸዋል። ይኩኖ አምላክ አሸነፈ፣ መጽሐፉም አሸነፈ፤ በገና ሌሊት በላሊበላ የሚታሰበው ግን የተሸነፈው ወገን ንጉሥ ነው። ይህን ሳስብ ሕዝቡ ከዘር ሌላ መመዘኛ እንደነበረው ይታየኛል፤ ንጉሥ በሥራውም ይለካ ነበር።

ሥራው ምን እንደሆነ አንድ የቆየ ትውፊት ይነግረናል፤ ታደሰ ታምራትም በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ጥናታቸው አንሥተውታል። ላሊበላ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቆለት ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ያህል እንደቆየ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ድሃ ገበሬ ብቸኛ ላም ወሰዱ። ንግሥት መስቀል ክብራ ይህን ስትሰማ ባሏ ዘውዱን መልሶ እንዲጭን ወተወተችው፤ ጫነም። (የወረደውም፣ የተመለሰውም፣ የወተወተችውም ሦስቱም ቅዱሳን ናቸው፤ ትውፊቱ ማንንም ሰይጣን ሳያደርግ መፍረዱ ደስ ይላል።) ነገሩ ተደርጎ ይሁን አይሁን ለዚህ ዳሰሳ አያስጨንቅም። የሚያስደንቀው ተራኪው ዙፋን ለማስለቀቅ በቂ ነው ያለው ምክንያት ነው። የዘር ጉድለት አላነሣም፣ ኑፋቄ አላነሣም፣ የጦር ሽንፈትም አላነሣም። አንዲት ላም ናት።

በአንጻሩ ስለ ይኩኖ አምላክ የሚተረከው የቃል ኪዳን ታሪክ ስለ ክፍፍል ነው። ዙፋኑ ወደ ሰሎሞን ዘር እንዲመለስ የረዱት ቅዱስ ለቤተ ክርስቲያን የአገሩን ሲሶ አስገኙ ይባላል። ደብረ ሊባኖሶች አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው ይላሉ፣ ሐይቆች አቡነ ኢየሱስ ሞዓ። ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ የሚለው አባባል ከዚህ ጋር ይሄዳል። ልብ በሉ፣ አራሹ ድርሻ አለው፤ ድርሻው ሲወሰን ግን ከውል ፈራሚዎቹ መካከል አልነበረም።

ሕዝቡ ስለ ሥልጣን ያለው እምነት በሁለት የሚጋጩ ተረቶች ውስጥ ተቀምጧል። አንዱ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። ሌላው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ»። የመጀመሪያውን ብቻ የሚጠቅሱ የውጭ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ ለሥልጣን የሚሰግድ ነው ብለው ይደመድማሉ። ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» በሚለው በ1965 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ከዚህ የተሻለ አይቷል፤ ለአለቃ ማጎንበሱንና ግለኛ እልከኝነቱን በአንድ ሰው ውስጥ ነው ያገኛቸው። እውነትም ሁለቱ ተረቶች በአንድ አፍ ይነገራሉ። ንጉሥ አይከሰስም፣ ከንጉሥ በታች ያለ ሁሉ ግን ይከሰሳል። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አጣፍተው በዋርካ ሥር ይቆማሉ፤ ተጠየቅ ይባባላሉ፣ በማር ወይም በፈረስ ይወራረዳሉ፣ መንገደኛው ሳይቀር ፍርድ ይሰጣል። በፍርዱ ያልረካ ይግባኝ እያለ እስከ አፈ ንጉሡ፣ ከዚያም እስከ ዙፋን ችሎት ይሄዳል። መንገድ ላይ በደል ያየ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ በዳዩ እግሩን ማቆም አለበት፤ ፖሊስ በሌለበት አገር ይህ ቃል ሰውን ያስቆም ነበር። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አባቶች ቢያዩት የሚያውቁት ነገር ነው። የጎደለው አንድ ቁም ነገር ነው፤ የይግባኙ መጨረሻ የማይከሰሰው ሰው ራሱ ነው።

ሌላው የገደብ ምንጭ ርስት ነው። አለን ሆበን በጎጃም ዳሞት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በደንብ እንዳሳየው፣ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። ዘሩን ቆጥሮ አቅኚው አባት ላይ ያደረሰ ሰው ድርሻዬን ማለት ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ትውልድ ያጠናሉ፣ ክርክሩም ከዓመት ዓመት አያልቅም። እዚህ ላይ ነው የአገራችን ፖለቲካ አጽም የሚታየኝ። ንጉሡ እስከ ሰሎሞን ይቆጥራል፣ ገበሬው እስከ አቅኚው አባት፤ ሁለቱም መብታቸውን የሚያረጋግጡት በአንድ መንገድ ነው። ዙፋን በዘር ነው ያለ መንግሥት መሬት በዘር ነው ያለውን ገበሬ በቀላሉ ሊነቅለው አይችልም። ያው የዘር ሚዛን ንጉሡን ዙፋን ላይ ያወጣዋል፣ ከገበሬው ማሳ ደግሞ ያግደዋል። ከላስታና ከዋግ የዛግዌ ወገን የወጣው ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ሲነግሥ እንኳ ከዚህ አላመለጠም፤ በእናቱ በኩል የሰሎሞንን ዘር መቁጠር ነበረበት።

የርስት ገደብ በተግባር ሲሠራ በጎላ የታየው በጎጃም ነው። በ1960 መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጣና ማሳ ሊገመት ሰው ላከ። ገበሬው ገማቹ መጣ ማለት ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ መሣሪያ አነሣ። ገብሩ ታረቀ በዝርዝር እንደጻፉት ጦርና አውሮፕላን ተላከ፤ መጨረሻው ግን አገረ ገዥው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት መዛወሩና ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን መማራቸው ነበር። ቦስተኖች በ1773 እ.ኤ.አ. ሻይ ባሕር ውስጥ ሲጥሉ ያልተወከልንበትን ግብር አንከፍልም አሉ። የጎጃም ገበሬ ፓርላማ ውስጥ ማን ይወክለኝ አላለም፤ ከርስቴ ወዲያ አትለፍ አለ። አሸነፈም። ድሉን የሚመዘግብ አንቀጽ ግን አልተጻፈም። የቦስተኖች ጠብ ሕገ መንግሥት ሲሆን የጎጃሞቹ ምሕረት ሆኖ ቀረ፤ ምሕረት ደግሞ የሰጪው ነው።

አሁን ስሚዝ በአሜሪካ ላይ ያነሣው ጥያቄ እኛም ላይ ይነሣ። ርስት የማን ነበር? ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ በብዙ የሰሜን ወረዳዎች ሙስሊሙ ከርስት የተገፋ ነበር። ከአፄ ምኒልክ ዘመቻ በኋላ በደቡብ የነፍጠኛ ገባር የሆነው ሕዝብ የራሱ አቅኚ አባት ነበረው፤ የሚቆጥርለት ዳኛ አላገኘም። የላስታው ባለርስት ኩራት ከሲዳማው ገባር እንባ ጋር በአንድ መዝገብ ነው የሚቀመጠው። ይህን ሳያነሣ የጥንቱን ሥርዓት የሚያወድስ ሰው ግማሹን ነው የሚያወራው። ተማሪዎች በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብለው ሲወጡ ከደቡቡ ገባርና ጭሰኛ የተነሣ እውነት ይዘው ነበር። የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንንም በ1962 የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ ሲያነሣ ስለማን ኢትዮጵያ እንደሚወራ ነው የጠየቀው። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ነበሩ። ሁለቱም ግን የተመለሱት «ማን ይግዛ?» በሚለው በኩል ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩትን ሕገ መንግሥታት ቶሎ ልለፋቸው። በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀውና የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገው የሐምሌ 1923ቱ የክብረ ነገሥትን የዘር ሐረግ አንቀጽ አደረገው። የ1948ቱ፣ አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር የተሳተፈበት፣ ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ማንም ሕይወቱን፣ ነፃነቱን ወይም ንብረቱን አያጣም የሚል ድንጋጌ ከአሜሪካኖቹ ማሻሻያ በቀጥታ ቀድቶ አስገባ። ቃሉ ያማረ ነው፤ በዚያው ሰነድ ውስጥ ግን ንጉሠ ነገሥቱ የማይደፈሩና የማይጠየቁ ናቸው።

የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ግን መቆም ይገባዋል፤ በዚህች አገር ከወጡ አዋጆች ሁሉ ኑሮን በጥልቀት የለወጠ እሱ ነውና። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይበልጥም፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ክርክሩም ከመደበኛ ፍርድ ቤት ወጥቶ ወደ ገበሬ ማኅበር ሸንጎ ሄደ። ገባሩ ነፃ ወጣ፤ ይህ የማይካድ ድል ነው። ነገር ግን ጌታው በሄደበት ቦታ መንግሥት ተቀመጠ። ርስተኛ ያልሆነ ገበሬ የኮታ እህል ሲጠየቅ፣ በ1977ቱ ረሃብ ደግሞ ከወሎ ወደ ኢሉባቦርና ወለጋ ስፈር ሲባል፣ ከዚህ አትለፍ የሚልበት የቆየ ቃል አልቀረለትም። በ1989 በአማራ ክልል በተደረገው ድልድል ቀድሞ በሥልጣን ላይ ነበራችሁ ተብለው «ቢሮክራት» የሚል ስም የወጣላቸው ገበሬዎች ማሳቸው ሲቆረስ አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ መጡ። አቤቱታው ጥንታዊ ነው፤ ሰሚው ግን የቀማው አካል ነበር።

ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሉዓላዊነትን በአንቀጽ 8 ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጠ። በአንቀጽ 39 እስከ መገንጠል የሚደርስ መብት ደነገገ፣ በአንቀጽ 40 መሬትን የማይሸጥ አደረገ። ጭቅጭቁ ሁሉ እነዚህ ላይ ነው። ሰው የማያነበው አንቀጽ 93 ነው። እሱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ የማይታገዱትን ድንጋጌዎች ሲቆጥር የአገሪቱን ስም የሚገልጸውን አንቀጽ 1፣ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለውን 18፣ የእኩልነቱን 25፣ እንዲሁም የአንቀጽ 39ን ሁለት ንኡሳን ይጠቅሳል። የመገንጠል መብት አይታገድም። በሕይወት የመኖር መብት፣ አንቀጽ 15፣ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚያዘው አንቀጽ 19ም የለም። አንድ ሕገ መንግሥት ከሁሉ በላይ የሚወደውን ማወቅ የፈለገ ሰው ይህን ዝርዝር ይመልከት። ያ ሕግ ማን እንደሚገዛ ሲጨነቅ ላሟን የረሳ ነው።

አሜሪካም እዚህ ላይ ንጹሕ እጅ የላትም። ሕገ መንግሥቷ የታሰረ ሰው ዳኛ ፊት የመቅረብ መብቱ የሚታገደው በዓመፅ ወይም በወረራ ጊዜ ብቻ ነው ይላል። ሊንከን በ1861 እ.ኤ.አ. አገደው፤ ዋናው ዳኛ ሮጀር ቶኒ ይህ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን አይደለም ብሎ ፈረደ፤ ሊንከን አልሰማውም። ቶኒ ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ያለው ዳኛ ነው። ወሰን ጠባቂው ክፉ፣ ወሰን ጣሹ ነፃ አውጪ የሆነበት ዘመን ነበር። ልዩነቱ ክርክሩ በፍርድ ቤት መደረጉና መመዝገቡ ነው። ከ1803 እ.ኤ.አ. የማርበሪ ፍርድ ወዲህ ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። እኛ ጋ የመጨረሻው ተርጓሚ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሚቀመጡበትም ፖለቲከኞች ናቸው። በ2012 ምርጫው በወረርሽኙ ሲራዘም የሥልጣን ዘመኑ ጥያቄ የተፈታው በዚያው ቤት ነው። የይግባኙ መጨረሻ ዛሬም ገዥው ደጅ ላይ ነው።

ስለ ዲያስፖራው አንድ ነገር ልበልና ወደ ማጠቃለያው ልለፍ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖረው ወገናችን መብቱ ሲነካ ለምክር ቤት ተወካዩ ይጽፋል። በሚያዝያ 2010 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ያጸደቀው፣ ኤች አር 128 የተባለው ውሳኔ የዚህ ችሎታ ፍሬ ነው። ስለ አገሩ ሲከራከር ግን ይህ ትምህርት ይጠፋበታል፤ ክርክሩ ማን ይምጣ፣ ማን ይውረድ ነው።

ላስታ የዚህን ሁሉ ዋጋ በቅርቡ ከፍላለች። በ2013 ክረምት የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በፋኖና በመንግሥት ጦር መካከል ውጊያው ሲያይል በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አንቀጽ 93 ከወረቀት ወርዶ መንደር ገባ።

በታኅሣሥ 2014 በአዋጅ የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን አጀንዳ ሲያሰባስብ ቆይቷል። ስለ ባንዲራ፣ ስለ ክልል ወሰን፣ ስለ አንቀጽ 39 የሚቀርብ ሐሳብ አያጥረውም፤ እነዚያ ይቅሩ አልልም። ከእነሱ ቀድሞ ግን አንቀጽ 93 ንኡስ አንቀጽ 4 ይነበብ። አንቀጽ 15ና 19 በማንኛውም አዋጅ ከማይታገዱት መብቶች ዝርዝር ውስጥ ይግቡ፤ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም የመጨረሻ ሥልጣንም ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ወጥቶ ለፍርድ ቤት ይሰጥ። በምክክሩ ላይ የምትሳተፉ አንባቢዎች እነዚህን ሁለት የማሻሻያ ጥያቄዎች በጽሑፍ አስመዝግቡ።